ክንድ የለቀቀው ሰው

ፊቱን ከማየቴ በፊት አጥንቱን ነው ያየሁት። እውነቴን ነው። የአባቴ ክሊኒክ ውስጥ ራጅ አንሺ ነኝ፤ በዚያን ቀን ወረፋው እስከ ደጅ ስለነበር ቀና ብዬ ሰው የማይበት ጊዜ አልነበረኝም። አንድ ዘይት የጠገበ ትልቅ እጅ ሰሌዳው ላይ አሳረፍኩ፤ ወደ መከላከያው መስታወት ጀርባ ሄጄ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ምስሉ መጣ። የቀለበት ጣቱ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። አጠገቡ ያለው ጣት ደግሞ ድሮ ተሰብሮ ሐኪም ሳያየው በራሱ ጊዜ የገጠመ ነው። «ይሄ ሰውዬ ከምን ጋር ነው የሚታገለው፣ ከግድግዳ ጋር?» ብዬ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቁኝ። ለሁለተኛው ምስል «ትንፋሽህን ያዝ» አልኩት። ለጣት! ትንፋሽ የሚያዘው ደረት ሲነሳ ነው፤ ይሄን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ምስኪን፣ ያዘ። እኔ ደግሞ «ተንፍስ» ማለቱን ዘንግቼ ምስሉን እያየሁ ቀረሁ።

«እህት፣ ልተንፍስ ወይስ እዚሁ ልሙት?» አለኝ ዓይኑ ፈጦ።

ከት ብዬ ሳቅኩ። አባቴ ከምርመራ ክፍሉ ሆኖ ሳቄን ሰማው፤ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር ያለኝ አይመስለኝም።

ስሙን ካርዱ ላይ አንብቤዋለሁ። እኔ ግን የምጠራው አባቴ ሊያንቋሽሸው ባወጣለት ስም ነው፤ ጎሚስታው። ከክሊኒካችን ወረድ ብሎ፣ ነዳጅ ማደያው ጎን፣ ጎማ ይጠግን ነበር። ከሥራ በኋላ ደግሞ ጁጂትሱ ይሠራል። ለማታውቁት፣ ጁጂትሱ ቡጢ የሌለበት ድብድብ ነው። ምንጣፍ ላይ ተያይዘው ይወድቁና አንዱ የሌላውን ክንድ ወይም አንገት ይቆልፋል። የተቆለፈው ሰው ሲብስበት በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ እጅ ሰጠ ማለት ነው፤ ይለቁታል። አልመታም ካለ ይሰበራል።

«እኔ ሰው የሰበረውን ስጠግን ሸብቼ፣ ልጄን ለሰባሪ ልዳር?» ይል ነበር አባቴ። አጥንት ሐኪም ነውና ሰበቡ ያምርበታል። እውነተኛው ምክንያት ግን ጎማው ነበር። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች፣ ጎሚስታውም ያውቃል። ዓመታት ለመንኩት። አኩርፌ ለመንኩት፣ አልቅሼ ለመንኩት፣ ምሳ አልበላም ብዬ ለመንኩት። አባቴ እንደሆነ አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ ድንጋይ ይለመናል እንጂ እሱ አይለመንም።

በኋላ ውጭ ያለ አንድ የጁጂትሱ ማሰልጠኛ ችሎታውን አይቶ ወሰደው። ፀጉር ሰሪ እህቱ እዚያው ከተማ ስለምትኖር እሷ ዘንድ አረፈ። ከመሄዱ በፊት ክሊኒኩ በር ላይ ቆመን፣ «ሰው ሆኜ እመጣለሁ» አለኝ። «እስካሁን ምን ነበርክ?» አልኩት። ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። ያኔ መልሱን አጥብቄ መጠየቅ ነበረብኝ።

ታዲያ አንድ ቀን አባቴ ራጅ ክፍሌ ድረስ መጥቶ በሩን ዘጋ።

«ጎሚስታሽ ደውሎልኝ ነበር» አለኝ። «ለዋንጫ ሊጋጠም ነው። ካሸነፈ እዚያው በአሰልጣኝነት ቋሚ ሥራ ይሰጡታል አለኝ። እንግዲህ ካሸነፈ ይምጣና ይጠይቀኝ፤ አልከለክልሽም።»

«ከተሸነፈስ?»

«ከተሸነፈማ ተሸነፈ።»

ይሄን ብሎ ወጣ። በሽተኛ የሚተኛበት አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ማለትና መፍራት እንዲህ አብረው እንደሚመጡ አላውቅም ነበር።

ግጥሚያው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል። ቤታችን ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፤ ላፕቶፔን ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር በገመድ አገናኘሁት። አባቴ ጋዜጣ ይዞ ተቀመጠ፤ ግድ የለኝም ለማለት ነው። ጋዜጣው የተገለበጠ መሆኑን ግን አላየም። እናቴ አጠገቤ ሆና የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች ስታይ ቆየችና፣

«እንዴ! እንዲህ ተቃቅፈው ነው እንዴ የሚጣሉት?» አለች። «እኔና አባትሽ ታርቀን እንኳ እንዲህ ተቃቅፈን አናውቅም።»

«ዝም ብለሽ እዪ» አላት አባቴ ከጋዜጣው ጀርባ።

ከዚያ ጎሚስታው ወጣ። ነጭ ልብስ፣ ጥቁር ቀበቶ። ከስቷል። አገጩ ሾሏል፤ ያ ትልቅ እጁ ግን ያው ነው። ወደ ካሜራው ያያል ብዬ ስጠብቅ ምንጣፉን እያየ ገባ። እዚህ መሆኔን ያውቃል፤ እያየሁት መሆኔን ያውቃል። ምናለ አንዴ ቀና ቢል? እሱ ግን ልክ እንደዚያን ቀን ትንፋሹን የያዘ ይመስል ነበር። ይሄን እንዳሰብኩ ምስሉ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ያቺ ክብ ነገር ግንባሩ ላይ ትሽከረከር ጀመር።

«ምን ሆነ ልጁ?» አለች እናቴ ደንግጣ።

«ኔትወርክ ነው እማዬ።»

«እኔማ አንዳች ነገር ነካው ብዬ።»

ተመልሶ ሲመጣ ተያይዘዋል። ተጋጣሚው ሰማያዊ የለበሰ፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተጋባ ግዙፍ ሰውዬ ነው። ወዲያው ጎሚስታው በጀርባው ተኛ፤ ባለ ሰማያዊው ላዩ ላይ ወጣበት።

«ወየው ወደቀ! አለቀ በቃ!» አለች እናቴ።

«አልወደቀም እማዬ፤ አውቆ ነው የተኛው። እግሩን አታዪም? ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ይዞታል። ከላይ ያለው ሁሉ አሸናፊ አይደለም።»

አባቴ ጋዜጣውን አስቀመጠ። ሁለቱ እየተንፏቀቁ ምንጣፉን ዞሩት። ባለ ሰማያዊው ሊሾልክ ይላል፣ ጎሚስታው ይስበዋል፤ ያመልጣል፣ ይይዘዋል። ከዚያ ድንገት፣ እንዴት እንደሆነ እንኳ ሳላየው፣ የባለ ሰማያዊው ቀኝ ክንድ በጎሚስታው ሁለት እግሮች መሃል ገባ። አንጓውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና ወደ ኋላ ተለጠጠ። ክንዱ ተዘረጋ።

«ያዘው!» ብዬ ጮህኩ። «ቆለፈው! አለቀለት፣ አሁን ይመታል!»

እናቴ ምኑም ሳይገባት ተነስታ አቀፈችኝ። «ልጄን! ልጄን ዳርኩ!» እያለች ጉንጬን፣ አንገቴን፣ ያገኘችውን ትስማለች። ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁት። እህቱ ናት፣ ፀጉር ሰሪዋ። አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀምጣለች። የጻፈችው ሁለት ቃል ነው።

«አይዞሽ እህቴ።»

አይዞሽ? አሸንፎ እያለ ምኑ ነው አይዞሽ? ቴሌቪዥኑን አየሁ፤ ጎሚስታው ክንዱን እንደያዘ ነው። ስልኩን አየሁ፤ አይዞሽ። ከዚያ ገባኝ። በቀጥታ ይሉታል እንጂ ቀጥታ አይደለም። ምስሉ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ይዘገያል። እኛ አሁን የምናየው እዚያ ካለፈ ቆይቷል። እሷ መጨረሻውን አይታለች።

እናቴ አሁንም ትስመኛለች። መርዶውን ሰምቼ ሠርግ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። «እማዬ ተዪኝ» እላለሁ፣ ድምፅ የለኝም። እኔ ብቻ አውቃለሁ፤ ቤቱ ግን ደስታ ነው።

አባቴ ደግሞ ቆሟል። እሱ የሚያየው ሌላ ነው። ሰው ክንድ ሲዘረጋ እሱ የሚያየው ውስጡን ነው።

«ለምንድን ነው የማይመታው ይሄ ሰውዬ?» አለ። «ጅማቱ እየሄደ ነው እኮ! እጅ ስጥ እንጂ አንተ ግትር!»

ባለ ሰማያዊው አልመታም። ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን ያያል። ዳኛው ተንበርክኮ ያያል እንጂ አያስቆምም። ጎሚስታው ትንሽ ጨመረበት። ክንዱ ከቀጥታ አለፈና ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። አባቴ ዘሎ ቴሌቪዥኑ ፊት ደረሰ።

«ልቀቀው!» ብሎ ጮኸ። «ልቀቀው አንተ ልጅ! ክርኑ ሄደ!»

ጎሚስታውም ለቀቀው።

አባቴ ጎሚስታው የሰማው መሰለውና ክው ብሎ ቀረ። ባለ ሰማያዊው ክንዱን ነጥቆ ተገለበጠ፤ ጎሚስታው ገና ከመነሳቱ ከጀርባው ተጠመጠመበት፤ በደህናው ክንዱ አንገቱን ያዘው። ብዙ አልቆየም። ያ ትልቅ እጅ ምንጣፉን መታ መታ አደረገ።

እናቴ እጆቿን ከአንገቴ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ሳሎኑ ውስጥ የሚሰማው በማናውቀው ቋንቋ የሚጮኹት አስተላላፊዎች ድምፅ ብቻ ነው። ዳኛው የባለ ሰማያዊውን ቀኝ ክንድ ሊያነሳ ሲል ሰውዬው አቃሰተ፤ ግራውን አነሱለት። ጎሚስታው ቀበቶውን አስተካክሎ ወደ እሱ ሄደ። ለመጨባበጥ መስሎን ነበር። የሰውዬውን ክርን በሁለት እጁ ይዞ እየዳሰሰ፣ እያጠፈ፣ እየዘረጋ ያይለት ጀመር።

አባቴ ይሄን አይቶ ተቀመጠ።

«ቢሰብረው ኖሮ ያሸንፍ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«አይቀጡትም ነበር?»

«ሰውዬው አልመታማ። ደንቡ ነው።»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሰበረውን ሳይ ኖርኩ። መስበር እየቻለ የተወ ሰው ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሰባሪ ስለው ከረምኩ ልጁን።» ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ደውይለት። ይምጣ በይው» አለኝ።

ጆሮዬን አላመንኩም። «ከተሸነፈማ ተሸነፈ ብለህ አልነበር?»

«ብያለሁ። ሌላም ያልኩት አለ።» ድምፁ ወረደ። «ከተሸነፈ ዳግመኛ እንዳይደውልልሽ ቃል አስገብቼው ነበር። እሺ ብሏል። እንግዲህ ቃሉን መልሼለታለሁ በይው።»

እሺ ብሏል! ሁለት ወንዶች በስልክ ስለ እኔ ሲዋዋሉ እኔ ታች የሰው ጉልበት ራጅ አነሳ ነበር። አባቴን የምጮህበት ቃል አፌ ላይ ሞላ። ግን «ይምጣ» ብሏል። ዓመታት ስለምነው የኖርኩትን ነገር ብሏል። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ ስልኬን ይዤ ወደ ታች ሮጥኩ። ደረጃውን እየወረድኩ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁም።

ራጅ ክፍሌ ገብቼ ደወልኩ። እህቱ አነሳችው። «አላናግርም ይላል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጆሮው ላይ አድርጊለት» አልኳት። አደረገችለት።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «አንገትህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።» ድምፁ ሻክሯል።

«አባዬ ይምጣ ብሏል።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ሰማኸኝ? አይቶሃል። ስትለቀው አይቶሃል። ቃሉን መልሼለታለሁ ብሏል።»

«አዘኑልኝ በይኛ።»

«አከበረህ ነው የምልህ!»

«የሚከበር ያሸነፈ ነው። እኔ ካሸነፍኩ እመጣለሁ አልኩ፣ አላሸነፍኩም። ከቃሌ ሌላ ምን አለኝ እኔ?»

«እኔ የለሁልህም?»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «ስሚኝ የኔ ዓለም። ነገ በሆነች ነገር ስንጋጭ አባትሽ ‹ተሸንፎም ሰጥቼው› ይላሉ። ባይሉም ያስባሉ። ባያስቡም እኔ ይሰማኛል። እኔ ከሰው ቤት የተረፈ እየተሰጠኝ ነው ያደግኩት። ከእንግዲህ የተረፈ አልቀበልም።»

«የተረፈ ነኝ እኔ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሃል እንጂ! አሁን በጆሮዬ ሰማሁህ።»

ልዘጋው ነበር፤ ግን አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ።

«ለምን ለቀቅከው?»

«ድምፁን ሰማሁት» አለ። «ክርኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲል ሰማሁ። ፊቱን አየሁት፤ ቢሰበርም አይመታም። ሠርቶ አዳሪ ነው እንደኔ። በዚያ ክንድ ነው የሚኖረው። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ስትለቀው እኔ ትዝ አልኩህ?»

ይሄን መጠየቅ አልነበረብኝም። አፌ ቀደመኝ።

«ትዝ አልሽኝ» አለ።

«ብትለቀው እኔን እንደምታጣ እያወቅክ ለቀቅክ?»

«እያወቅኩ።»

ይሄ ነው የገደለኝ። በድንጋጤ ረሳሁሽ ቢለኝ እኮ ይቅር እለው ነበር። ለማያውቀው ሰው ክርን አዝኖ፣ እያወቀ፣ እያሰበኝ ለቀቀኝ። ደግሞ የጠላሁት መሰላችሁ? ይሄንኑ ደግነቱን ነው የወደድኩት። በዚያ ላይ የምናደድበት መብት እንኳ የለኝም፤ ንዴቱ ግን እዚህ ደረቴ ላይ ተጋድሟል።

«ያ ሰውዬ እልኸኛ ሆኖ ሊሰበር ሲል አዘንክለት» አልኩት። «አሁን እልኸኛው አንተ ነህ። የሚሰበረው ግን የአንተ ክንድ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ለእኔ ማን ይዘንልኝ?»

«አንቺ ጠንካራ ነሽ።»

«አትበለኝ! እሱን ቃል አትበለኝ! ብትሸነፍም ልመጣልህ ነበር፤ ታውቃለህ? አባቴ ቢረግመኝም ልመጣ ነበር። ሻንጣዬ አልጋዬ ሥር ተሸክፏል።»

አለቀሰ። ወንድ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እንደ ሳል ነው የሚያደርገው።

«አትምጪ» አለኝ።

«ለምን?»

«ብትመጪ አልመልስሽም። ስለዚህ አትምጪ። እባክሽ።»

እስቲ ፍረዱኝ። እንዲህ ተብሎ የሚኬድበት በር አለ? እየፈለገኝ፣ እያለቀሰ፣ እባክሽ ራቂኝ የሚለኝን ሰው በር አንኳኩቼ ምን ልበለው? እኔም የማልደፋው አንገት አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ እሱም አልዘጋም። ትንፋሹ ይሰማኛል። ደርሼ የማልነካው ትንፋሽ ነው።

በሩ ተከፈተ። አባቴ ነው፤ ጫማ እንኳ ሳያደርግ በካልሲው ወርዷል።

«ምን አለ?» አለኝ።

«አልመጣም አለ።»

«እንዴት ነው የማይመጣው? መልሼለታለሁ አላልሽውም?»

«ብዬዋለሁ።»

አየኝ፤ በሽተኛ ሲያይ እንደሚያየው፣ የት ጋ እንደተሰበርኩ እየፈለገ። ከዚያ ያ በሕይወቱ ማንንም ለምኖ የማያውቅ ሰው እጁን ዘረጋልኝ።

«ስጪኝ ስልኩን» አለ። «እኔ ላናግረው። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ካስፈለገም እለምነዋለሁ። እኔ ስለምነው እምቢ አይልም።»

እውነቱን ነው፤ እምቢ አይለውም። ከመስመሩ ማዶ ትንፋሹ ቆመ፤ የአባቴን ድምፅ ሰምቶ ይጠብቃል። ስልኩን ማቀበል ብቻ ነው የቀረኝ። አባቴ ይለምናል፣ እሱ እሺ ይላል፣ ሁለቱ ይታረቃሉ፣ እኔ እዳራለሁ።

«ተወው አባዬ» አልኩት።

«እሺ ይላል እያልኩሽ!»

«አውቃለሁ። አንተን እሺ ይልሃል። እኔን ግን እምቢ ብሎኛል» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።